አረፋ እየተሰፈረልን በነዳጅ ዋጋ እንከፍላለን

ቶጎ ውስጥ ሎሜ ወደብ ፊት ለፊት መልህቅ ጥለን ለመርከባችን ነዳጅ በቀዳን ቁጥር የምመለከተው ነገር አንጀቴን ያሳርረዋል። የነዳጅ መርከቧ ከጎናችን ተጠግታ ትታሰራለች፣ ወፍራሙ ቱቦ ይገጠማል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያደረው ነዳጅ ግን በማግስቱ ሲለካ ሰነዱ ላይ ከሰፈረው ያንሳል። ባለፈው ጉዞ የመለኪያውን ሜትር ከታንከሩ ስስበው ጥቁሩ ነዳጅ እንደ ተናጠ ወተት አረፋ ለብሶ ወጣ፤ አየር ተነፍቶበት ያበጠ ነዳጅ ከሰዓታት በኋላ ሲረጋ ጎድሎ እንደሚገኝ አቅራቢውም እኛም እናውቃለን። የነዳጁ ሙቀት በትክክል ካልተመዘገበም ሒሳቡ በቶን ይዛነፋል። ሲንጋፖር እኮ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚፈሰውን ነዳጅ በክብደት የሚለካ ቆጣሪ ግዴታ አድርጋለች!

ተቃውሟችንን በጽሑፍ ብናቀርብም መርከባችን እንዳትዘገይ ተብሎ እንድንፈርም ታዘዝን። ዓለም አቀፉ ደንብ የርክክብ ሰነዱ 3 ዓመት፣ የታሸገው ናሙና ቢያንስ 12 ወር እንዲቀመጥ ያዛል፤ ሆኖም ናሙናው ስለ ነዳጁ ጥራትና ስለ ድኝ መጠኑ እንጂ ስለጎደለው ቶን አይመሰክርም። ባሕሩ መካከል ሒሳቡ ሲጎድል ደግሞ ተጠያቂ የምንደረገው ሞተር ክፍል ውስጥ በላብ የምንጠመቀው እኛው ነን።