ሰርቨሩን ማን ጣለው?

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ስደርስ ስድስት ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት ሰው ደጅ ከቆመ ወይ ለቅሶ አለ ወይ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ፀሐይ አልነበረም። «ሲስተም የለም» አሉኝ፣ ልክ ቤቴ ይዤው አድሬ የመጣሁ ይመስል።

የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቆየን። አይቲ ነኝ። ሰርቨሩ (የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚንተራሱት ዋናው ማሽን)፣ ፕሪንተሩ፣ የሥራ አስኪያጁ ልጅ ታብሌት፣ አንዳንዴም የሻይ ቤቱ ዲሽ ሳይቀር የሚጠየቀው ከኔ ነው።

ገብቼ ሳየው ሰርቨሩ በርቷል። መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ግን አልተነሳም። አስነሳሁት፣ ሥራ ተጀመረ፣ ረሳሁት። ማክሰኞም እንደዚሁ። ረቡዕም። ሐሙስ ላይ ነገሩ ከእጄ ወጥቶ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጉዳይ ሆነ። አበሻ መቼም ምክንያት የሌለው ነገር አይወድም፤ ካጣ ይሠራለታል።

ሒሳብ ሹሟ «ብርድ ነው» አለች። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንኳን ማሽን ሰውስ መች በጠዋት ይነሳል ብላ። እንደ እውነቱ ከሆነ ማሽን ብርድ ይወዳል። ሌላው አገር ሰርቨር ክፍል ለማቀዝቀዝ ስንት ብር ይከሰክሳል፣ እኛ ጋ መስኮት መክፈት ይበቃል። ችግሩ መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም። ምክንያቱም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሙቀት የሚያወጣ ብቸኛው ሠራተኛ ሰርቨሩ ነው። ከጀርባው ትኩስ አየር ሲተፋ ይውላል። እዚያው ፊት ለፊት አንዲት በርጩማ አለች። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት የሚል እስከ ዛሬ አልተገኘም። አንድ ቀን ደግሞ እርጥብ ካልሲ አግኝቻለሁ፤ ጥንድ ነው፣ በሥርዓት የተሰጣ።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ ደግሞ «ዓይን ነው» አሉ። «ካርቶኑን ግቢ መሃል፣ አገር እያየ ነው የፈታችሁት። ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ቢጤ...»

«እትዬ፣ ማሽንና ውሃ እኮ አይስማሙም።»

«ታዲያ ማን ንከረው አለህ? እምነቱን ቀባ ቀባ ማድረግ ነው።»

ገንዘብ ያዡ እንደ ልማዱ «መብራት ነው» አለ። እሱ ጥርሱንም ሲያመው መብራት ነው። እንግዲህ ከተማችን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው ይባላል። የዚያ ብርሃን ምክንያት ራሱ ገና አልተቋጨም። ከታሪክ ሰዎች በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ሌላው በተአምርነቱ ጸንቷል። ከ500 ዓመት በላይ ምክንያት ሲፈለግ በኖረበት ከተማ የኔን ሰርቨር በአራት ቀን ጨርስ ማለት ግፍ ነው።

ዓርብ ሎጉን ከፈትኩ። (የመጀመሪያው ቀን መክፈት ነበረብኝ። አውቃለሁ። አትናገሩኝ።) ሎግ የማሽን የውሎ ማስታወሻ ነው፤ ምን እንደሠራ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን እንዳመመው ሁሉንም ይጽፋል። መብራት ሄዶበት የወደቀ ማሽን ሳይሰናበት ነው የሚሄደው፣ ጽሑፉ መሃል ላይ ቁርጥ ይላል። የኛው ግን እንደዚያ አልነበረም። አገልግሎቶቹን አንድ በአንድ ዘግቶ፣ ዲስኩ ላይ የሚጻፈውን ጽፎ፣ በወጉ ተሰናብቶ ነው የጠፋው። ይኼ መውደቅ አይባልም። ሰው አዞት ነው። ሰዓቱ ደግሞ 08:00። በየቀኑ። ደቂቃ አይዛነፍም።

ሌሊት 8 ሰዓት! ደሜ ፈላ። አገር ተኝቶ ሳለ ገብቶ የሚያጠፋው ሰው አለ ማለት ነው። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፣ እኔና ሥራ አስኪያጁ። እኔ አይደለሁም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራ አስኪያጁን ሰላም የምለው በግማሽ አፌ ሆነ።

የዚያኑ ሌሊት ቢሮ ላድር ወሰንኩ። ጋሼ፣ ዘበኛችን፣ የመንዝ ባናቸውን ተከናንበው የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። ከውሃ ላስቲክ ውስጥ ደግሞ ውሃ ያልሆነ ነገር ቀዱልኝ፤ ደብረ ብርሃን ምን እንደሚጠጣ የሚያውቅ ያውቃል። «ብቻህን ምን ያስቀምጥሃል፣ እኔ አለሁ አይደል» አሉኝ። «እኔ ሌሊት ዓይኔን ከድኜ አላውቅም። ድመት ብታልፍ እሰማለሁ።» አመስግኛቸው ሰርቨር ክፍል ገባሁና በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ። እውነት ለመናገር ትሞቃለች። ካልሲዬን ማውለቅ ሁሉ አማረኝ።

8 ሰዓት ሆነ። ምንም። 8 ከሩብ። ምንም። ሌባዬ ቀረ። 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጣለኝ።

የቀሰቀሰኝ «ጲጵ» የሚል ድምፅ ነው። ፀሐይ መስኮቱ ላይ ደርሳለች። ሰርቨሩ ዓይኔ እያየ ጠፍቶ ተነሳ፤ ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ነፍስ ያለው የለም። ስልኬን አየሁ። 08:00 ይላል። ሎጉን አየሁ። 08:00 ይላል። ስልኬን ደግሜ አየሁ።

በር ላይ ጋሼ ባናቸውን እያጣጠፉ ነው።

«ጋሼ፣ ሰሙ?»

«ጮኸች አይደል? ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ካለፈው እሑድ ጀምራ እንዲሁ ናት፣ ሰንበት እንኳ አታከብርም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ማሽን ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ከንጋት። መሃላችን 6 ሰዓት አለ። የማሽን 08:00 የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ይኼንን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የምበላበት ሙያዬ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ 6 ስደምርና ስቀንስ ኖሬ በዚያች አንድ ሳምንት ብቻ ጠፋብኝ።

ማሽኑ በተቀጠረለት ሰዓት የሚሠራው ሥራ የሚጻፍበትን ክሮን የሚባለውን ሰሌዳ ከፈትኩ። አንዲት መስመር ናት፦ 0 8 * * *። ዜሮ፣ ስምንት፣ ሦስት ኮከብ። ላላወቀ ሰው ኮከብ ቆጣሪ የጻፋት ትመስላለች፣ ፍቺዋ ግን በየቀኑ ልክ 8 ሰዓት ላይ ማለት ነው። መጨረሻዋ ላይ ሪቡት፣ ጠፍተህ ተነሳ፣ የምትል ትእዛዝ አለች። ከበላይዋ ደግሞ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ማስታወሻ፦ «ለጊዜው ነው፣ አስተካክለዋለሁ»።

እንደዚህ የሚጽፍ አንድ ሰው አውቃለሁ። በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ አፉ አረቄ አረቄ ይሸታል።

ትዝ አለኝ። ያለፈው ቅዳሜ ነው። የሒሳቡ ፕሮግራም ሜሞሪ ይበላና አይመልስም፤ ሲበላ ሲበላ ሰንብቶ ማሽኑን ያንቀዋል። ወጉ ፕሮግራሙን መጠገን ነው። ያ ደግሞ ሥራ አለው፣ ቅዳሜ ደግሞ ኳስ አለ። ሌሊት ሌሊት አጥፍቶ ማስነሳት ይሻላል አልኩ። ሥራ አስኪያጁም «ሰው በሌለበት ይሁን፣ ሌሊት 8 ሰዓት አድርገው» አሉ። 8 አሉኝ፣ 8 ጻፍኩ። ዳታቤዙ አብሮ እንዲነሳ ማዘዙንም ረሳሁት።

8ን አጥፍቼ 2 ጻፍኩ። አለቀ። ሪፖርቱ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። «ምክንያት፦ በሲስተሙ ሰዓትና በአካባቢው ሰዓት አቆጣጠር መካከል የታየ አለመጣጣም።» ሦስቴ አነበብኩት፤ ውስጡ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ «ጎበዝ» ብለው ፈረሙ። ሙሉ ሰላምታቸውን መለስኩላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሹሟ ሰርቨሩ ላይ የደረበችለትን ብርድ ልብስ ሳነሳ ደረሰችብኝና «አየህ?» አለችኝ። እትዬ ምንም አላሉም፣ ሰርቨሩ ጎን ላይ አንዲት አመድ የመሰለች ነጥብ አለች። ገንዘብ ያዡ መብራት ሰሞኑን ተሻሽሏል ይላል።

ስወጣ ጋሼ በር ላይ ያዙኝ። ፊታቸው ልክ አይደለም።

«አንተ ልጅ፣ ያቺን ማሽን ምን ነክተህብኝ ነው? ሦስት ቀኗ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እየጮኸች እንቅልፍ ነሳችኝ እኮ!»