ለሳቃችሁት ሁሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቁጣዬን አለዝቤ መጻፍ አልቻልኩም። ቪዲዮውን ያላያችሁት አትፈልጉት። ያያችሁት፣ የሳቃችሁት፣ "ይሄን እዩልኝ" ብላችሁ ለጓደኛ የላካችሁት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰኔ 30፣ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ፈርቼ አይደለም። ስሙን ከጠራሁ "እፎይ፣ የእኔ ልጅ የሚማርበት አይደለም" ብላችሁ ትገላገላላችሁ። መገላገል የለም።

የወላጆች ቀን ነበር። በዚያ ሰሞን የእኛ ሰፈር ጭቃ አይጣል ነው። ወላጆች ጫማቸው ላይ ፌስታል አስረው፣ ሕፃን አዝለው፣ ድንኳኑ ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። ዲጄ አለ። የኬጂ ልጆች ጋውን ለብሰው ተመርቀዋል። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሰርተፍኬታቸውንና ሜዳሊያቸውን ወስደዋል። እስከዚህ ድረስ በየዓመቱ የምናየው ነው።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ማይኩን ያዘና "ዘንድሮ ደግሞ ልዩ ሽልማት አለን" አለ። የአንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ስም ጠራ። ሙዚቃው ከፍ አለ። ልጁ ከኋላ ወንበር ብድግ ሲል ቪዲዮው ላይ ይታያል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ቀጭን፣ የዩኒፎርም ሹራቡ እጅጌው ያጠረበት። እየሮጠ ነው የወጣው። መድረኩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ። ፈገግ ብሏል። ከድንኳኑ መሃል አንድ እልልታ ተሰማ። የእናቱ ነው።

በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጡት። "ክፈተው! ክፈተው!" አሉት። ፕላስተሩን በጥፍሩ ሊልጠው ሞከረ፤ አልያዝ አለው። በጥርሱ ከፈተው። ውስጡ የሊስትሮ ብሩሽና አንድ ቆርቆሮ ጥቁር የጫማ ቀለም ነበር።

"ከ54 ተማሪ 54ኛ!" አለ ዳይሬክተሩ። "ካላጠናን መጨረሻችን ይሄ ነው።"

ሳቃችሁ።

ሳቁ ረጅም ነው። አንዲት ሴትዮ አጠገቧ ያለችውን እየመታች ስትስቅ ትታያለች። አንድ አባት እንዲታየው ልጁን ትከሻው ላይ ያወጣዋል። ልጁ ግን ለጥቂት ጊዜ ነገሩ አልገባውም። አብሮ ሊስቅ ሞከረ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አብሯችሁ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ ብሩሹን ከጀርባው ደበቀና እናቱን በዓይኑ መፈለግ ጀመረ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቆረጣል። የለጠፈው ሰው ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ ደርድሮበታል።

እናቱ የእኛ ብሎክ ነዋሪ ናት። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። የትምህርት ቤት ክፍያው የሚወጣው ከዚያ ነው። ስትነግረኝ አላለቀሰችም። "እህቴ፣ እኔ እኮ እልል ብያለሁ" ብቻ ነው የምትለው። መልሳ መላልሳ። "እልል ብያለሁ እኮ።"

በነገራችን ላይ ሊስትሮነትን ማን ነው ስድብ ያደረገው? በዚህ ከተማ ጫማ እየጠረጉ ራሳቸውን ያስተማሩ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ልጆች ሞልተዋል። ዳይሬክተሩ ያን ቀን በዚያ ጭቃ መሃል የሚያብረቀርቅ ጫማ አድርጎ ነበር። ማን እንደጠረገለት ይጠየቅ።

ከቪዲዮው ሥር የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። "ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" ያለ አለ። "እኛም እንዲህ ተቀጥተን ነው ሰው የሆንነው" ያለ አለ። ሰው ሆነናል? ሰው የሆነ ሰው በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ይስቃል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ መሆን አለባቸው ይላል። ይሄን ጠቅሼ ለአንድ ጎረቤቴ ስነግረው "አልመቱት እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው። አልመቱትም።

"ሰነፍ ስለሆነ ነው" የምትሉ ደግሞ ይሄንን ስሙ። ልጁ ማታ ከአምስት ሰዓት በፊት ተኝቶ አያውቅም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እናቱ ለእንጀራዋ ስትነሳ እሱንም ትቀሰቅሰዋለች፤ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጦ ያነባል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ ይመጣል። አምስት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ጥፍሩን እስኪደማ ይበላዋል። ጠዋት ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ጤና ጣቢያ ወስዳው ታይፎይድ ነው ተባለ (በዚህ ከተማ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ታይፎይድ ነው)። መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ሕመሙ ግን አልቆመም። የሚያመው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

ፈተና ላይስ? "የማውቀው ጥያቄ ነው የሚመጣው፤ ግን ሁሉም ነገር ጭልም ይልብኛል" ነው የሚለው። ቤት ሲመለስ ያንኑ ጥያቄ ይሠራዋል። እናቱ ደግሞ በዚህ የባሰ ትናደዳለች። "ታዲያ እዚያ ምን ነካህ?"

የነካውን ልንገራችሁ። ልጅ ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃል። ልቡ ይመታል፣ ሆዱ ይታወካል፣ እጁ ያልበዋል። ጥያቄን በሐሳብ ይዘን የምንሠራበት የአእምሮ ክፍል ደግሞ ጠባብ ነው። ሞልቶ የመጣ ታክሲ በሉት፤ ረዳቱ የፈለገውን ያህል "ጠጋ ጠጋ በሉ" ቢል ቦታ የለም። "ዛሬ ከወደቅኩ ምን እሆናለሁ" የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ወንበሩን ከያዘው ሒሳቡ ደጅ ይቀራል። እንቅልፉን ጨምሩበት። ልጅ ቀን የተማረው የሚጸናለት ተኝቶ ሳለ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ያቺ እናት ሌሊት በቀሰቀሰችው ቁጥር ማታ ያጠናውን እያስረሳችው ነበር። በፍቅር። ይሄን አንድም ሰው አልነገራትም። ክፍያ የተቀበላት ትምህርት ቤት እንኳን።

እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ ወደ ሐዘን የሚሄደው። ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ያን ዜና የሰማ ወላጅ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም። ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል፣ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አለ፣ ቱቶር አለ፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ አለ። ግን ያ ሁሉ ፍርሃት የእኛ የትልልቆቹ ነው። አውርደን የሰባተኛ ክፍል ልጅ ትከሻ ላይ ጫንነው። እንዴት እንደሚሸከመው ግን አላሳየነውም።

ለልጁ ብለን ነው የምንለውም ሁሉ ለልጁ አይደለም። በልጅ አመካኝቶ ይበሏል አንጉቶ። ደረጃው ቡና ላይ የምናወራው፣ እድር ላይ አንገታችንን ቀና የምናደርግበት ሆኗል። የጎረቤት ልጅ ደረጃ ላይ ስናገኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚወጣን ቃል "ስንተኛ ወጣህ?" ነው። እኔም ያው ነኝ። "እንዴት ነህ? ምን ተማርክ? ምን ከበደህ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው በእኛ ብሎክ አላውቅም።

ልጆቹ ሊማሩት የሚገባው ነገር ውድ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ብር የለም በተባለ። ግን ምን ያስከፍላል? ፈተና ሲሰጥ ልቡ የመታ ልጅ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ፣ በተለይ ትንፋሹን ሲያወጣ እንዲያረዝመው ማሳየት። ትንፋሽ ረዘም ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ይረግባል። ምዕራፉን አሥር ጊዜ ከማንበብ ደብተሩን ዘግቶ ያስታወሰውን ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ እንደሚሻል መንገር። ለፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሁሉንም በአንድ ሌሊት ከመሸምደድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማድረግ። መጫወት፣ መሮጥ። የከበደውን ነገር ለአንድ ትልቅ ሰው መናገር፣ ትልቁም ሰው ሳይቆጣ መስማት። የመጨረሻዋ ናት የምትከብደን።

ቦታም አለው። ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ የሚባል ትምህርት አለ። ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚነጠቀው ግን የእሱ ፔሬድ ነው። "ስፖርቱ ይቅር፣ ሒሳብ ይግባበት" ይባላል። እናንተም ደስ ይላችኋል። ልጁ የሚተነፍስባትን አንድ ፔሬድ ወስደን "ለምን አልተረጋጋህም?" እንለዋለን።

ልጁ መስከረም ላይ ወደዚያ ትምህርት ቤት አልመለስ አለ። እናቱም አላስገደደችውም። አሁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው ያለው። ሆዱ ዛሬም ያመዋል፣ ድሮ እንደነበረው በየቀኑ ባይሆንም። እናቱ ሌሊት መቀስቀሷን ትታለች። ብሩሹን የት እንዳደረገው አልጠየቅኩትም።

በአዲሱ ትምህርት ቤቱ አንዲት የክፍል ኃላፊ አለች። ወጣት ናት። ክፍሏ ከስድሳ በላይ ተማሪ አለው። ዓርብ ዓርብ ከፔሬዷ ላይ አሥር ደቂቃ ትቆርጣለች። እስክሪብቶ አስቀምጡ ትላቸዋለች። አብረው ይተነፍሳሉ፤ ልጆች ናቸውና መጀመሪያ ላይ አንዱ ሆን ብሎ ያንኮራፋል፣ ሁሉም ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። ከዚያ እያንዳንዱ ከደብተሩ ጀርባ ብጣሽ ወረቀት ቀድዶ የሚያስጨንቀውን ይጽፋል። ስም አይጻፍም። ማሳየት የፈለገ ጠረጴዛዋ ላይ ይተዋል፣ ያልፈለገ ቀዳዶ ይጥለዋል። ቀጥሎ እሷ ራሷ በሳምንቱ ያልሆነላትን አንድ ነገር ትነግራቸዋለች። አንድ ቀን "ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ መልስ ጽፌ አንዲት ተማሪ አረመችኝ" ብላቸዋለች አሉ። ሕክምና አይደለም፣ አማካሪም አይደለችም። የባሰበትን ልጅ ወደ ሐኪም መላክ እንዳለባት ታውቃለች፤ አንዱን ልካለች።

የእኛው ልጅ እስካሁን አፉን ከፍቶ አልተናገረም። ወረቀቱን ግን ይጽፋል፤ ከዚያ ቀዳዶ ይጥለዋል።

መምህሯን "ፖርሽን ወደኋላ እየቀረብሽ ነው" ብለዋታል። አሥሩ ደቂቃ በቃል ነው የተፈቀደላት፤ በቃል የተፈቀደ ነገር ደግሞ በቃል ይከለከላል። ወላጆች ከጠየቁ ግን እንደሚጸናላት ነግራኛለች።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቁጣዬ ደክሞታል፤ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ስብሰባ በየትምህርት ቤታችሁ አለ። ሁሌ የሚነሳው የአጥር፣ የሽንት ቤትና የመዋጮ ጉዳይ ነው። እሱም ይነሳ። ግን "ሌሎች ጉዳዮች" የሚባለው ላይ ሲደረስ፣ ሰው ቦርሳውን ማንሳት ሲጀምር፣ አንዳችሁ እጅ አውጡ። ልጆቻችን ጭንቀትን እንዴት እንደሚይዙት የሚማሩበት ሰዓት የታለ በሉ። "ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። አንዳንዱም ይስቃል፤ መሳቅ ለምደናል። ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ከጠየቀ ግን ጸሐፊው ቃለ ጉባኤው ላይ ማስፈሩ አይቀርም። የእኛዎቹ የፊታችን ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባሉ። የልጁ እናት እመጣለሁ ብላለች፣ እንጀራዋን ቀድማ ካስረከበች።