በቀን ሁለት ቤት

ግንቦት ሲገባ በቢሮዬ በር ላይ ወረፋ ይጀመራል። የሚሰለፉት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዱ ርዕስ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዱ ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተቀዳ መሆኑ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የሚታወቅ ምዕራፍ ሁለት ይዞ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው አንዷ ተቀመጪ ብላት እንኳ አልተቀመጠችም። «መምህር፣ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። ልጽፈው ስል ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል» አለችኝ፤ እንባዋ ይወርድ ነበር። በውጤቷ ከክፍሏ ቀዳሚዎች አንዷ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ የቀራት ሦስት ሳምንት ነበር።

ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። የሚያስጽፋት ሰው አላገኘችም። የ8ኛ ክፍል ፈተናዋ በምርጫ ነበር፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናዋም በምርጫ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተናም እንዲሁ በምርጫ ነው። ከ«ሀ» እስከ «መ» ካሉት መልሶች አንዱን መምረጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትለማመደው የኖረችው ችሎታ ነው። ከዚያ በመጨረሻው ዓመት አርባና ሃምሳ ገጽ፣ ያውም አፏን ባልፈታችበት በእንግሊዝኛ፣ ጽፈሽ አምጪ አልናት። ዋና ተምሮ የማያውቅን ሰው ከጣና መሐል አውርዶ «ዋኝ» እንደማለት ነው። እኛ መምህራን ይህን እያወቅን ዓመት በዓመት እንደግመዋለን።

ተማሪዎቼን እንዴት እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ የሚሰጡኝ መልስ ይመሳሰላል፤ አንድ ሌሊት ቆርጠው ይቀመጣሉ። ቡና ጠጥተው፣ ዶርሙ ጸጥ ሲል፣ ሐሳቡ ሲመጣላቸው። ሌሊቱ ግን ሳይመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሲመጣም መብራት ይጠፋል ወይም ላፕቶፑን ያዋሰው ጓደኛ ይፈልገዋል። ያቺ ሌሊት ስትበላሽ ተማሪው ስለ ራሱ የሚደርስበት ድምዳሜ ነው ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፤ «እኔ የመጻፍ ተሰጥኦ የለኝም» ይላል።

የጉዳዩ ቁልፍ ተሰጥኦ አይመስለኝም። ሮበርት ቦይስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንን በሦስት ቡድን ከፍሎ አጥንቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ እንደ ልማዳቸው ጊዜ ሲያገኙ ብቻ በብዛት የሚጽፉ ነበሩ። ሁለተኛዎቹ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ እየጻፉ የጻፉትን ይመዘግቡ ነበር። ሦስተኛዎቹም በየቀኑ ይጽፉና ይመዘግቡ ነበር፤ በዚያ ላይ ሥራቸውን በየጊዜው ለሌላ ሰው ያሳዩ ነበር። በዓመቱ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 17 ገጽ፣ ሁለተኛዎቹ 64 ገጽ፣ ሦስተኛዎቹ 157 ገጽ ጻፉ ወይም ከለሱ። የተሳተፉት ሰዎች ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሮቹን እንደ ሕግ አልወስዳቸውም። ነገር ግን ከሁለተኛው ቡድን ወደ ሦስተኛው ያለውን ርቀት ልብ በሉልኝ። በየቀኑ መጻፍ ብቻውን አንድ ነገር ነው፤ የሚጠብቅህ ሰው ሲኖር ግን ገጹ ከእጥፍ በላይ ይሆናል።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ትዝ ያለኝ የአያቴ ወንድም ነው። በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማረ ሰው ነበር፤ እየደጋገመም ያወራልን ነበር። የቅኔ ተማሪ የግእዙን ግሥና አገባብ ይዞ መቀኘት ሲጀምር ማንም ስምንት ቤት፣ ማለትም ስምንት ስንኝ፣ ያለውን መወድስ አምጣ አይለውም። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ያችን ሁለት ቤት ለመቁጠር፣ ማለትም ለመፍጠር፣ ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ተከናንቦ ይቀመጣል። ሲመሽ ከየኔታ ፊት ያቀርባል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልሞላ፣ እዚያው ያርማሉ። ነገ ሌላ ሁለት ቤት። የትናንቱን መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። ጉባኤ ቃናው ሲሞላለት ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ መወድስ ላይ ይደርሳል። የኔታም ቢሆኑ ከተማሪዎቻቸው ፊት አዲስ ቅኔ እየነገሩ ምሥጢሩን ይፈቱላቸዋል፤ አስተማሪው ራሱ ጸሐፊ ነው።

ሦስተኛው የቦይስ ቡድን ያደረገውን እነ ዋሸራ፣ እነ ጎንጅ፣ እነ ዋድላ የተባሉት የቅኔ ቤቶች ለዘመናት ሲያደርጉት ኖረዋል። ሥራው ትንሽ ነው፤ ዕለታዊ ነው፤ የሚሰማው ሰው አለ። የቅኔ ተማሪው ወረቀት እንኳ አልነበረውም። እኛ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ስንሠራ ከዚያ ቤት ይዘን የመጣነው በቃል መያዝን ብቻ ነው፤ በየቀኑ መፍጠርንና መታረምን ትተን መጣን። በዚህ እጅግ እቆጫለሁ።

ወደዚያች ተማሪ ልመለስ። የጥናቷ ርዕስ የጉሊት ነጋዴ ሴቶች ዕቁብ ነበር። «ጥናትሽን ለእናትሽ ብትነግሪያት ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እናቴ ራሷ ጉሊት ነው የምትሸጠው፤ እሷ ከኔ በላይ ታውቀዋለች» አለች። እንግዲያው እናትሽ የማታውቀውን አንድ ነገር ጻፊላት፤ በአማርኛ፣ በእጅሽ፣ ለሃያ ደቂቃ ብቻ አልኳት። ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጣ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈች። ያነጋገረቻቸው ሴቶች ዕቁብ የሚጥሉት ለምን ቅዳሜ እንደሆነ፣ የታመመች አባል ሲኖር ዕጣው ለማን እንደሚለቀቅ፣ ዳኛዋ እንዴት እንደምትመረጥ የሚናገር ነበር። ያ ገጽ ተኩል በኋላ የምዕራፍ አራት አከርካሪ ሆነ። እንግሊዝኛው ከዚያ በኋላ መጣ፤ ሐሳቡ አስቀድሞ ቆሞ ስለነበር ትግሏ ከቋንቋው ጋር ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ለተማሪ የምመክረው መጀመሪያ አፍ በፈታበት ቋንቋ እንዲጽፍ ነው፤ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሲዳምኛ። ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራት፣ ማለትም ማሰብና መተርጎም፣ ብዙ ብዕር አስጥሏል። ሌላው ምክሬ መጻፍንና ማረምን በተለያየ ሰዓት ማድረግ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ሦስቴ የሚሰርዝ ሰው ማታ ላይ በእጁ የሚቀረው ባዶ ገጽ ነው። ጠዋት ጻፍ፤ የጻፍከውን ሳትነካ አሳድረው፤ በማግስቱ አርመው። ላፕቶፕ የለኝም የሚለውን ችግር አላቃልለውም፤ ሆኖም ደብተርና እስክሪብቶ መብራት አይፈልጉም፤ በስልክ የጻፉ ጎበዝ ተማሪዎችም አሉኝ። ስትነሣ ደግሞ ነገ የምትጀምርበትን ዐረፍተ ነገር ግማሹን ጽፈህ ተነሣ። ይህችን ዘዴ ማን እንዳስተማረኝ ረስቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን እጠቀምባታለሁ።

በየግቢው ዙሪያ ገንዘብ ተቀብለው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ደግሞ ያንኑ በነጻ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በየስልኩ ገብቷል። ተማሪዎቼን በዚህ ስገሥጽ ድምፄ ይደክማል፤ ምክንያቱም ማምለጫውን የከፈትንለት እኛ ነን። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ገጹን ያላነበብንለት ልጅ ገጹን ሌላ ሰው ቢጽፍለት እንዴት እንለየዋለን? በየሳምንቱ የተማሪውን ድምፅ የሚሰማ መምህር ግን የተዋሰውን ቃል ወዲያው ያውቀዋል።

የሚሰማ ሰው ምን ያህል ኃይል እንዳለው የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ምስክር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን ግጥም ይወዳደሩ ነበር። ቀኑ የታወቀ ነው፤ አዳማጩ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ወጣቶቹ ለዚያ ቀን ብለው ጻፉ፤ ከጻፉትም መካከል መንግሥትን ያስቆጣና የትውልዱን ንግግር የቀየረ ነበረበት። ዛሬ በየግቢው ስንት ተማሪ ጽሑፉን የሚያነብበት ቀን አለው?

የትምህርት ክፍሎች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በክፍሌ 60 ተማሪዎች አሉ። የሁሉንም ገጽ በየሳምንቱ አርም ብባል አልችልም፤ ባልደረቦቼም አይችሉም። ነገር ግን ሁሉም በየሳምንቱ አንድ ገጽ ጽፈው በሦስት በሦስት ሆነው እርስ በርስ ድምፅ አውጥተው ቢነባበቡ፣ እኔ ደግሞ በሳምንት የ10 ተማሪዎችን ገጽ ብሰማና ባርም፣ በስድስት ሳምንት ሁሉንም አዳርሳለሁ፤ በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ጊዜ ከፊቴ ይቀርባል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዚህ መንገድ አራት ዓመት ከተጓዘ የመመረቂያ ጽሑፉ ሲመጣ ከአንድ መቶ በላይ ገጽ ጽፎ ያውቃል።

የትምህርት ክፍሉ እስኪወስን የማይጠብቁም አሉ። በዚህ ዓመት ሦስት ወንዶች ልጆች ከአንድ ዶርም፣ ማክሰኞና ዓርብ ከእራት በኋላ ባዶ ክፍል እየፈለጉ ይነባበባሉ። አንድ ቀን እንድገኝ ጋበዙኝ። መብራት ሄዶ ነበር፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው ስልኩን ያበራለታል። ያነበበው ልጅ ሲጨርስ ሦስተኛው «ሁለተኛውን አንቀጽ ድገመው፤ ምክንያቱን አልነገርከንም» አለው። ደገመው፤ ምክንያቱ በእርግጥም አልነበረም። እዚያው እስክሪብቶ አወጣ።

በመስከረም በክፍሌ እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ገጽ ርዕስ «ትናንት ቆሜ ያየሁት ሥራ» ነው፤ የኔንም ገጽ ይዤ እገባለሁ።