በ4 ኪሎ ብረት ልሥራበት፣ ተዉኝ!

ኧረ እኔስ መረረኝ! ጂም ቤት ውስጥ የኋላ ትከሻ መሥራት ነውር ሆኗል ልበል?

የትከሻ ጡንቻ ሦስት ክፍል አለው። የፊት፣ የጎን፣ የኋላ። ለደረት ብለን ብረት በገፋን ቁጥር የፊተኛው አብሮ ይሠራል። የኋለኛውን ግን ብዙ ሰው መኖሩንም አያስታውሰው፤ መስታወት ላይ አይታይማ። ትንሽ ጡንቻ ስለሆነ ደግሞ የሚፈልገው ትንሽ ብረት ነው። በቃ ይኸው ነው!

ግን በየእጄ ባለ 4 ኪሎ ደምቤል ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ እጆቼን ወደ ጎን ልከፍት ስል ሳቅ ይጀመራል። «አራት ኪሎ ላይ ወረድክ እንዴ? ስድስት ኪሎ እንኳን አትደርስም?» ይለኛል አንዱ። እሺ፣ ያስቃል። ሌላው ደግሞ «እሱ የሴቶች ነው፣ ወንድሜ» ብሎ ይመክረኛል። ሴቶቹ እኮ ካንተ በላይ አስተካክለው ነው የሚሠሩት! መካሪዬ ራሱ በየእጁ 15 ኪሎ አንጠልጥሎ፣ ክንፏን እንደምታራግብ ዶሮ ይወራጫል። ትከሻው ጆሮው ሥር ይደርሳል። ብረቱን ሽቅብ የሚወረውረው ወገቡ ነው። የኋላ ትከሻውማ ምን ሠርቶ! ከዚያ «ወገቤን ያዘኝ» እያለ ሲያማርር እንሰማዋለን።

አሰልጣኙ ይብሳል። የሚያውቃት ነገር «ጨምር!» ብቻ ናት። «ከዳሌህ እጠፍ፣ ጀርባህን አቅና፣ ደረትህ መሬት ይይ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቀና ተብሎ ሲሠራ እኮ ሥራው ወደ ጎን ትከሻ ይሄዳል። ክርን ወደ ጎድን ከተጠጋም ጀርባ መሳብ ሆነ ማለት ነው። እጅ ወደ ጎን ይከፈታል፣ ክርን ትንሽ ይላላል፣ ትከሻ ጋ እኩል ሲደርስ ይበቃል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ላይ ሲደርስ የጀርባውን ሁለት ሰፋፊ አጥንቶች ካላጣበቀ የሠራ አይመስለውም። ያኔ ሸክሙን መሃል ጀርባ ይወስደዋል። ያ የሚስቀው ሰውዬ እስቲ በዚህ አሠራር 4 ኪሎዋን 15 ጊዜ ያንሳትና ፊቱን እንየው።

ብረቷ ከተገኘች ነዋ! አንዷን በር ማስደገፊያ አድርገዋታል። ጓደኛዋ የት እንዳለች ፈጣሪ ይወቅ። ከባድ ከባዱ ግን አንድም ሳይጎድል ተደርድሯል። ወርሃዊ ክፍያ ሲጨምሩብን «ዕቃ ልናሟላ ነው» ብለውን ነበር። የመጣው ዕቃ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስፒከር! ያውም ቁመቱ እኔን የሚያክል። አንድ የጠቀመን ነገር ቢኖር፣ አሁን አሰልጣኙ «ጨምር!» ሲል አይሰማም።

እሺ፣ ደረቴን ዘንበል ያለ ቤንች (የጂም አግዳሚ ወንበር) ላይ አስደግፌ ልሥራ እላለሁ። በነገራችን ላይ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ደረት ከተደገፈ ወገብን ማወዛወዝ አይቻልም። ግን ዘንበል የሚለው ቤንች ላይ ሁሌም አንድ ሰው አለ። ፎጣውን አንጥፎ፣ ጋደም ብሎ ቲክቶክ ያያል።

«ብዙ ቀረህ ወንድም?»

«አንድ ዙር ብቻ።»

ሌላ ሌላውን ሠርቼ ስመለስም ያው አንድ ዙር ቀርቶታል።