የአይረን ሜይደን አዳዲስ ዘፈኖች መድረክ ይገባቸዋል

የብሪታንያው የሄቪ ሜታል ባንድ አይረን ሜይደን የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት ለማክበር በ2025 የጀመረው የኮንሰርት ጉዞ ከመነሻው አንድ ደንብ ተበጅቶለት ነበር። በመድረክ የሚቀርቡት ዘፈኖች በሙሉ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አልበሞች፣ ማለትም ከ1980 እስከ 1992 ከወጡት ሥራዎች ብቻ እንዲመረጡ ተወሰነ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ውሳኔው በአድናቂዎቹ መካከል ዓመታት ያስቆጠረውን ክርክር እንደገና ቀሰቀሰው። አንደኛው ወገን የሚወዳቸውን ዘፈኖች ያለ ቅይጥ ሊሰማ በመሆኑ እሰይ ሲል፣ ሌላው ወገን ደግሞ ባንዱ ከ2000 ወዲህ ያወጣቸው ስድስት አልበሞች እንዳልተሠሩ መቆጠራቸው ቅር አሰኘው። እኔ ቅር ከተሰኙት ወገን ነኝ። የልደት በዓል መነሻን የሚያስታውስ መሆኑ አግባብ ነው፤ የሚያሳስበኝ ብዙ አድናቂዎች ይህ ደንብ ከበዓሉ በኋላም እንዲቀጥል መሻታቸው ነው።

ይህን ስል የቀደምቶቹን ሥራዎች ክብር ለመንካት አይደለም። በ1982 የወጣው «ዘ ነምበር ኦቭ ዘ ቢስት» ስምንት ዘፈኖችን በ40 ደቂቃ ገደማ የያዘ ሲሆን በውስጡ ለማረፊያ የገባ ምት የለም ማለት ይቻላል። የአልበሙ መዝጊያ የሆነውን «ሃሎውድ ቢ ዛይ ኔም» የተባለውን ዘፈን እንውሰድ። ደወል ይደወላል፤ ጊታሩ ቀስ ብሎ ይከተላል፤ ድምፃዊው ብሩስ ዲኪንሰን ሊሰቀል ጥቂት ጊዜ የቀረውን እስረኛ ሆኖ በዝግታ መናገር ይጀምራል። ከዚያም ያ ዝግታ በአንድ በተራዘመ ጩኸት ይሰበርና ዘፈኑ ወደ ሩጫ ይገባል። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ፍርሃት፣ ክህደትና እጅ መስጠት ተራ በተራ ይፈራረቃሉ። ይህን በ23 ዓመቱ የዘፈነ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በዚህ ቢለካበት የሚያስገርም አይደለም።

ሆኖም ያ ጥራት የመጣው ከወጣትነት ብርታት ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። በዚያን ጊዜ የሸክላ አንድ ገጽ በጥሩ ጥራት የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ የሚሆን ሙዚቃ ስለነበር ባንዱ ወደደም ጠላም መቁረጥና መምረጥ ነበረበት፤ ከ1981 እስከ 1992 አልበሞቹን ያዘጋጀው ማርቲን በርችም ልምድ ያለው ፕሮዲውሰር ነበር። ከ2000 ወዲህ ያሉት አልበሞች የተቀረጹት በኬቨን ሸርሊ አዘጋጅነት ሲሆን፣ የተያዘው መንገድም አባላቱ በስቱዲዮ አብረው እየተጫወቱ ያንን ሕያው ስሜት እንዳለ ማስቀረት ነው። በ2015 የወጣው «ዘ ቡክ ኦቭ ሶልስ» 92 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ2021 የወጣው «ሰንጁትሱ» ደግሞ ከ80 ደቂቃ በላይ ነው። ወሰን ሲጠፋ ነፃነትም ትርፍም አብረው ይመጣሉ።

የድሮውን የሚመርጡ አድናቂዎች «የአሁኖቹ ዘፈኖች ረዘሙ» ሲሉ ግን ክሱን በተሳሳተ ቦታ ያነጣጥሩታል። ርዝመት አዲስ ነገር አይደለም። በ1984 የወጣው «ፓወርስሌቭ» ከ13 ደቂቃ በላይ በሚወስድ የባሕር ጉዞ ትረካ ይዘጋል፤ ያን ዘፈን ረዘመ ብሎ የሚከስስ አንድም አድናቂ አላጋጠመኝም። መሐሉ ላይ ከበሮው ዝም ይላል፤ የመርከቡ እንጨት ሲንቋቋ ይሰማል፤ ድምፅ በሹክሹክታ ይተርካል፤ ከዚያ ቤዝ ጊታሩ ከሩቅ እንደሚመጣ ነፋስ ቀስ እያለ ይመለሳል። እያንዳንዱ ክፍል ታሪኩን ወደፊት ስለሚገፋው ሰዓቱ አይታወቅም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ዘፈኑ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሳይሆን በደቂቃዎቹ ምን እንደተሠራባቸው ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ አዲሶቹ ሥራዎች እንከን አለባቸው፤ የምወዳቸው እኔም ይህን መደበቅ አልፈልግም። የ«ሰንጁትሱ» የመጨረሻዎቹ ሦስት ዘፈኖች ሦስቱም የባንዱ መሥራችና ቤዝ ተጫዋች የስቲቭ ሃሪስ ድርሰቶች ናቸው፤ ሦስቱም ከ10 ደቂቃ በላይ ናቸው፤ ሦስቱም በለሆሳስ ጀምረው እየከበዱ ይሄዳሉ። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲደመጡ የሚያምሩት እነዚህ ዘፈኖች ተከታትለው ሲመጡ አንዱ የሌላውን ኃይል ይበላዋል። ድምፃዊው የሚዘፍነውን ዜማ ጊታሩ ቃል በቃል ሲከተለውም ለዘፈኑ የሚጨምርለት ነገር እምብዛም ነው። ሃሪስን የሚያህል ሰው ፊት «ይህችን ክፍል ብናወጣትስ» ብሎ የሚናገር ቢኖር ኖሮ አልበሙ በሩብ ሰዓት አጥሮ በእጥፍ ይበረታ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ተቀብዬም አዲሱ ሥራ የአሮጌው ደካማ ቅጂ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም፤ ምክንያቱም በ1980ዎቹ ሊሠሩ ያልቻሉ ነገሮች በውስጡ አሉ። «ዘ ቡክ ኦቭ ሶልስ»ን የሚዘጋው የዲኪንሰን ድርሰት 18 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ በጥቅምት 1930 ፈረንሳይ ውስጥ ቦቬ አጠገብ ወድቆ ከተሳፈሩት 54 ሰዎች 48ቱ ስላለቁበት አር 101 ስለተባለው የብሪታንያ አየር መርከብ ይተርካል። የሚጀምረው ዲኪንሰን ራሱ በሚጫወተው ፒያኖ ነው። አየር መርከቧ ችግር ላይ ስትወድቅ ደግሞ ጊታሮቹና ከበሮው የሞርስ ምልክትን የድረሱልኝ ጥሪ በምት ያሰማሉ፤ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር። ባለሙያ አብራሪ ሆኖ የኖረ ሰው ነው ይህን የጻፈው። የ23 ዓመቱ ዲኪንሰን የሰቀላን ፍርሃት በጩኸት ገልጾታል፤ የ50ዎቹ አጋማሽ ዲኪንሰን ደግሞ ሰዎች በኩራታቸው ምክንያት እንዴት እንደሚጠፉ በትዕግሥት ይተርካል። ሁለቱን ማወዳደር ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን ባለመምሰሉ መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

የክርክሩ ትልቁ ስውር ጉዳይ ጊዜ ነው። አርባ ዓመት አብሮን የኖረን ዘፈን፣ የጉርምስና ትዝታ የተሸከመን፣ በየኮንሰርቱ በሺዎች ድምፅ የታጀበን ዘፈን፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ከሰማነው ዘፈን ጋር በአንድ ሚዛን እናስቀምጣለን። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ገና ሳንጀምር የታወቀ ነው።

አንድ ዘፈን እንዴት ከተናቀበት ተነሥቶ ወደ ክላሲክነት እንደሚሸጋገር ለማየት ከ«ዘ ክላንስማን» የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ዘፈኑ የወጣው በ1998 ብሌዝ ቤይሊ ባንዱን በለቀቀው በዲኪንሰን ቦታ ድምፃዊ በነበረበት ዘመን በተቀረጸው «ቨርቹዋል ኢለቨን» አልበም ውስጥ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በብሪታንያ የአልበሞች ሠንጠረዥ አንደኛ የነበረው ባንድ በዚህ አልበም 16ኛ ላይ ቆመ፤ ዘመኑም እስካሁን ድረስ የባንዱ ዝቅተኛ ጊዜ ተብሎ ይጠቀሳል። በ1999 ዲኪንሰንና ጊታሪስቱ አድሪያን ስሚዝ ሲመለሱ ባንዱ የዚያን ዘመን ሥራዎች ጥሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ብዙ አድናቂም ባልከፋው። ባንዱ ግን ዘፈኑን ይዞት ቀጠለ። በጥር 2001 በሪዮ ዴ ጄኔሮ በተደረገውና በቀጥታ በተቀረጸው ታላቅ ኮንሰርት ላይ ዲኪንሰን ዘፈነው፤ ስለ ነፃነት የሚጮኸውን አዝማች ሕዝቡ ተቀበለው። በ2018 በተጀመረው ጉዞም እንደገና ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ያን ጊዜ ማንም «የውድቀቱ ዘመን ዘፈን» አላለውም። ግጥሙም ዜማውም ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዎች አብረውት የቆዩበት ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያው የሪዮ ምሽት ባንዱ ገና አንድ ዓመት ካልሞላው «ብሬቭ ኒው ወርልድ» አልበሙ ስድስት ዘፈኖችን ተጫውቷል። ከእነዚህ አንዱ ሃሪስ አባቱን በማሰብ የጻፈው «ብለድ ብራዘርስ» ነበር፤ ዛሬ ያ ዘፈን ከባንዱ ተወዳጅ ሥራዎች አንዱ ነው። በ2025ቱ ጉዞ ከ«ክላሲኮቹ» ጋር የተሰለፈው «ፊር ኦቭ ዘ ዳርክም» ቢሆን በ1992 ሲወጣ የ17 ዓመት ባንድ አዲስ ሥራ ነበር፤ ሕዝቡ የጊታሩን ዜማ በአፉ እያዜመ በየመድረኩ ባያሳድገው ኖሮ ዛሬ የተሰጠውን ቦታ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። በዚያን ጊዜ «አዲሱን ተዉት» የሚሉት አሸንፈው ቢሆን ኖሮ የዛሬዎቹ የድሮ ወዳጆች ከሚወዷቸው ዘፈኖች ጥቂቶቹን አያውቋቸውም ነበር።

በ2006 ባንዱ ከዚህም አልፎ ሄዶ «ኤ ማተር ኦቭ ላይፍ ኤንድ ዴዝ» የተባለውን የዚያን ዓመት አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በየመድረኩ ተጫወተው። ከ70 ደቂቃ በላይ አዲስ ሙዚቃ ማለት ነው። ድፍረቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከሩቅ መጥቶ፣ ምናልባትም በሕይወቱ አንዴ ብቻ ይህን ባንድ የሚያይ ሰው ያን ምሽት ቅር ቢለው የሚወቀስ አይመስለኝም። ያ ሰው የመጣው ለዓመታት በልቡ ከያዛቸው ዘፈኖች ጋር ፊት ለፊት ሊገናኝ ነው። ይህ ፍላጎት እውነተኛ ስለሆነ ስንፍና ወይም ጠባብነት ተብሎ መናቅ የለበትም።

መፍትሔው ምን እንደሚመስል ባንዱ ራሱ በ2023 በጀመረው ጉዞ አሳይቶናል። በ1986 የወጣውን «ሳምዌር ኢን ታይም»ና በ2021 የወጣውን «ሰንጁትሱ» አጣምሮ አቀረበ። ከአዲሱ አልበም አምስት ዘፈኖች ተሰሙ፤ ከድሮው ደግሞ ስለ ታላቁ እስክንድር የሚተርከውና ከተቀረጸ ጀምሮ ለ37 ዓመታት መድረክ ያላየው ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተ። የሚገርመው፣ ያ የ1986 አልበም በጊታር ሲንተሳይዘር (የጊታርን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚለውጥ መሣሪያ) ድምፁ ከቀደሙት የራቀ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም ሳይጠራጠር ከጥንቶቹ ተርታ ያሰልፈዋል።

ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። ሃሪስ የተወለደው በ1956 ነው፤ ዲኪንሰን በ1958። ከበሮ መቺው ኒኮ ማክብሬይን በጥር 2023 ስትሮክ አጋጥሞት፣ በወራት ልምምድ ወደ መድረክ ተመልሶ፣ በታኅሣሥ 2024 ሳኦ ፓውሎ ላይ ከኮንሰርት ጉዞ ተሰናብቷል። የ1980ዎቹ ዘፈኖች የተሠሩት ለሃያዎቹ ዕድሜ ሳንባና ክንድ ነበር፤ አዲሶቹ ዘፈኖች ግን የተጻፉት ዛሬ ባሉት ሰዎች ልክ ነው። ረጋ ያለው ምት፣ ሰፋ ያለው ትረካ፣ ሞትና ጦርነት ደጋግመው መነሣታቸው የድካም ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ እሰማለሁ። እኔ ግን በ65 ዓመቱ እንደ 23 ዓመት ልጅ ለመጻፍ ከሚታገል ሰው ይልቅ በዕድሜው የሚጽፈውን አምነዋለሁ።

«ሰንጁትሱ»ን የሚዘጋው «ሄል ኦን ኧርዝ» በዚያ የ2023ቱ ጉዞ ከመዝጊያዎቹ ዘፈኖች አንዱ ነበር። በፀጥታ የሚጀምረው ረጅም መግቢያው በስቱዲዮ ቅጂው ትዕግሥትን ይፈታተናል፤ በመድረክ ላይ ግን ሕዝቡ ዝም ብሎ የሚጠብቅበት፣ ከበሮው ሲገባ ደግሞ ሁሉም በአንድነት የሚነሣበት ቅጽበት ይሆናል። ያ ዘፈን ሃያ ዓመት ቢሰጠው «ዘ ክላንስማን» የደረሰበት እንደሚደርስ አልጠራጠርም፤ ባንዱ ግን ሃያ ዓመት የለውም። የልደቱ በዓል አልፎ የሚቀጥለው የዘፈን ዝርዝር ሲዘጋጅ ከጥንቶቹ መካከል ለእሱ 11 ደቂቃ ይተውለት።