ለክቡር «ከገጹ ጋር አስማማ» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር «ከገጹ ጋር አስማማ»
በማተሚያ መስኮት፣ ከ«አትም» ቁልፍ ከፍ ብሎ

ጉዳዩ፦ ያልተጠየቀ ውለታ እንዲቆም ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ክቡርነትዎ አቤቱታ ለማንበብ ጊዜ እንደሌለዎት አላጣሁትም፤ ሰው ሁሉ ፎቶም ይሁን ማመልከቻ፣ የፈተና ወረቀትም ይሁን ማስታወቂያ ለማተም በተነሣ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ተገኝተው፣ ከስምዎ አጠገብ ያለችውን ምልክት ራስዎ አስቀምጠው የሚጠብቁ ትጉህ ሹም ነዎትና። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ስለ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ባለካሬ ወረቀት በኮምፒውተር ሠርቶ ለማተም የሞከረ ግን ወዲያው ይገባዋል።

ነገርን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ የእርስዎ ሙያ አንድን ገጽ ማተሚያው ሊደርስበት በሚችለው ስፍራ ውስጥ እስኪገባ ማሳነስ ወይም ማሳደግ ነው። ይህ ሙያ የሚጠቅምበት ቦታ እንዳለ አልክድም። የቤተሰብ ፎቶ በ96 በመቶ ቢታተም «አፍንጫዬ አነሰ» ብሎ የሚከስ ዘመድ የለም፤ ደብዳቤም ፊደሎቹ በጥቂቱ ቢያንሱ መልእክቱ አይጎድልም። ባለካሬ ወረቀት ግን ከመጠኑ በስተቀር ንብረት የለውም። መልክ የለው፣ ወሬ የለው፣ በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል 5 ሚሊሜትር አለ ብሎ የገባው ቃል ብቻ ነው ያለው። ክቡርነትዎ የሚነኩትም ይህንኑ ቃል ነው።

ወረቀቱ በእርስዎ ፊት ከመቅረቡ በፊት ምን ያህል እንደተደከመበት ቢያውቁ ምናልባት እጅዎን ይሰበስቡ ነበር። እንደሚታወቀው የምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚቆጥረው በፒክስል፣ ማለትም ምስሉ በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ነው፤ ሚሊሜትር ቢጻፍለት እንኳ በውስጡ ወደ ፒክስል መልሶ ነው የሚሠራው። ለኅትመት የተለመደው ጥራት በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲሆን፣ አንድ ኢንች ደግሞ 25.4 ሚሊሜትር በመሆኑ 5 ሚሊሜትር የሚሆነው 59.055 ፒክስል ነው። በፒክስል የሚቆጥር ፕሮግራም ያቺን ክፍልፋይ ለይቶ ማስመር ስለማይችል፣ ወይ 59 ብሎ መስማማት ይገባል፣ ወይ ደግሞ ሌላ መላ መፈለግ። መላው አለ፤ ጥራቱን በአንድ ኢንች 254 ማድረግ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር በትክክል 10 ፒክስል ይሆናል፣ 210 በ297 ሚሊሜትር የሆነው የኤ4 ገጽም 2100 በ2970 ፒክስል ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ባለ 5 ሚሊሜትሩ ካሬም ያለ አንዳች ቅሬታ 50 ፒክስል ይሆናል።

በዚህ ብቻ አያበቃም። ወደ ጎን 38 ካሬ እንዲኖር የፈለገ ሰው 39 መስመር ያስፈልገዋል፤ የ38 ካሬ ስፋት 1900 ፒክስል ነው ብሎ ሥዕሉን 1900 ፒክስል አድርጎ ከከፈተ፣ ፕሮግራሙ ፒክስሎቹን ከ0 ጀምሮ ስለሚቆጥር የመጨረሻው መስመር ከጠርዙ በአንድ ፒክስል ውጭ ይወድቃል፣ የቀኝ ካሬዎችም ሁሉ ሳይዘጉ ይቀራሉ። ስለዚህ 1901 ይደረጋል። ይህች አንዲት ፒክስል 0.1 ሚሊሜትር ናት። ለ0.1 ሚሊሜትር ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው የመጨረሻውን ቁልፍ ሲጫን 7.6 ሚሊሜትር እንደሚወሰድበት ይገምት ዘንድ ከየት ያውቃል? (በስክሪን ላይ ብቻ ታይቶ በወረቀት ላይ ስለማይወጣው የፕሮግራሞቹ የራሳቸው የካሬ መስመር መረብ (ግሪድ) እዚህ አላነሣም፤ እርሱ ቢያንስ ለዓይን መርጃ እንጂ ለኅትመት ነኝ ብሎ አያውቅም።)

7.6 ሚሊሜትር ያልኩት በስሌት ነው። አብዛኛው ማተሚያ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ማተም አይችልም፤ ዙሪያውን ጥቂት ሚሊሜትር ይተዋል። የሚተወው በየጎኑ 4.2 ሚሊሜትር ነው እንበል። ክቡርነትዎ 210 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ገጽ 201.6 ሚሊሜትር ውስጥ ካልገባ አላርፍም ብለው ሁሉንም ወደ 96 በመቶ ያወርዱታል። 5 ሚሊሜትር የነበረው ካሬ 4.8 ይሆናል፣ 190 ሚሊሜትር የነበረው የካሬዎቹ ስፋትም 182.4። ከአንድ ካሬ ተኩል በላይ ማለት ነው የጠፋው።

እንግዲህ እጅግ የሚደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። የዚህ ወረቀት ካሬዎች ከጠርዙ 10 ሚሊሜትር ያህል ገባ ብለው ነው የተሠሩት፤ ማተሚያው የማይደርስበት የ4.2 ሚሊሜትር ክልል ውስጥ አንድም መስመር አልነበረም። በዚያ ያለው ነጭ ነው፣ ባዶ ነጭ። ክቡርነትዎ እንግዲህ ሥራውን በሙሉ ያሳነሱት ባዶው ህዳግ እንዳይቆረጥ ብለው ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ነጩን ሳያትም ቢቀር ማተሚያው ምን ይጎድልበታል ብሎ የሚጠይቅ አማካሪ በቢሮዎ ውስጥ አልነበረም?

ጉዳቱም በርዝመት ላይ ብቻ አይቆምም። በ300 ጥራት የተሰመረ የአንድ ፒክስል መስመር በአንድ ኢንች 600 ነጥብ በሚያትም ማሽን ላይ ልክ 2 ነጥብ ውፍረት ይኖረዋል። (በ254 የሠራ ሰው ከዚህ ዕድል ይጎድላል፣ 600 ለ254 ያለ ቀሪ አይካፈልምና፤ መስመሩን በሦስት ፒክስል ማወፈር ልዩነቱ ዓይን እንዳይገባ ያደርጋል።) ክቡርነትዎ ሲደርሱ ግን ያ 2 ነጥብ 1.92 እንዲሆን ይታዘዛል። ማተሚያው የነጥብ ቁራጭ የለውም፤ ስለዚህ አንዳንዱን መስመር 2፣ አንዳንዱን 1 ያደርገዋል፣ ወይም ልዩነቱን ግራጫ ጥላ አድርጎ በመስመሩ ዳር ይቀባል። ጥቁር ዱቄት ብቻ የያዘ ሌዘር ማተሚያ ደግሞ ግራጫን የሚያወጣው ጥቁር ነጥቦችን አራርቆ በመበተን ስለሆነ፣ ያ ጥላ የተበጣጠሰ ጭረት ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ በብርሃን ላየው ሰው፣ አንዱ መስመር ደመቅ፣ ቀጣዩ ሳሳ፣ ከዚያ ደግሞ ደመቅ እያለ፣ ማንም ያላሰመረው ሰፋፊ ሰንበር በገጹ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ ሰንበር የክቡርነትዎ ፊርማ ነው።

ሥራዎን በቅርብ ለማየት ለፈለገ ማስመሪያ በቂ ነው። ዜሮውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጎ ቢያነብ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ምንም ጥፋት ያለ አይመስልም፤ የጎደለው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው፣ ዓይኔ ነው ብሎ ያልፈዋል። አምስት ላይ ሲደርስ መስመሩ 4.8 ላይ ቆሟል። አሥር ላይ ሲደርስ 9.6። ክቡርነትዎ በአንድ ጊዜ ብዙ አይወስዱም፤ ከእያንዳንዱ ካሬ ላይ የማትታይ ቅምሻ እየቀነሱ ነው የሚያከማቹት።

ለመሆኑ ይህ ወረቀት ለማን እንደሚታተም ተመልክተው ያውቃሉ? የልብስ ቅድ የሚያወጣ ሰው በካሬው ላይ 100 ሴንቲ ሜትር ደረት ቆጥሮ 96 ያለው ቀሚስ ይሰፋል። የቤት ዕቃ አቀማመጥ በወረቀት የሚሞክር ሰው ካሬውን ሲቆጥር ትክክል፣ በማስመሪያ ሲለካ ስሕተት የሆነ ክፍል ይገጥመዋል። በጠረጴዛ ላይ ለሚጫወቱት ጨዋታ የ25.4 ሚሊሜትር ካሬ የሚያትሙ ሰዎች አሻንጉሊቶቻቸው ከካሬው ተርፈው እርስ በርስ ሲጋፉ ያያሉ። ከሁሉ የከፋው ግን በአንድ ገጽ የማይበቃ ሥራን በሁለት ወረቀት አትሞ በማጣበቂያ የሚያገጣጥም ሰው ዕጣ ነው፤ አንዱ ወረቀት እርስዎ በነበሩበት፣ ሌላው ባልነበሩበት ታትሞ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ተጨባብጠው ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየተቀያየሙ ይሄዳሉ።

የወረቀት ምርጫን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ኤ4 እንዲሁ የተገኘ መጠን አይደለም። በ1922 በጀርመን ደረጃ ሆኖ ሲወጣ፣ ትልቁ ኤ0 አንድ ካሬ ሜትር እንዲሆን፣ እያንዳንዱም ቀጣይ መጠን የቀዳሚው ግማሽ ሆኖ የጎኖቹ ምጥጥን እንዳይለወጥ ተሰልቶ ነው። ክቡርነትዎ ግን በማተሚያው ትሪ ውስጥ ኤ4 ተቀምጦ ሳለ፣ በመስኮቱ ላይ «ሌተር» የሚል የአሜሪካ ወረቀት መጠን ተጽፎ ካገኙ ማንንም ሳይጠይቁ የኤ4ን 297 ሚሊሜትር ወደ ሌተር 279.4 ለማስገባት ገጹን ወደ 94 በመቶ ያወርዱታል። ካሬውም 4.7 ይሆናል። በወረቀቱ ግርጌ የሚቀረውን ሰፊ ባዶ ቦታ ያየ ሰው ስንፍና እንጂ ትጋት አይመስለውም።

ውለታዎን ጭራሽ ረስቼዋለሁ እንዳይባልብኝ፣ ባለካሬውን ገጽ በመልእክት መተግበሪያ ተቀባብለው የሚያትሙ ሰዎች ዘንድ ያለዎትን ክብር ላንሣ። በመንገድ ላይ ፋይሉ ተጨምቆ ጄፔግ ይሆናል፣ በየመስመሩ ዙሪያ አቧራ መሰል ነጠብጣብ ይበቅላል፣ የጥራት መረጃውም ይወልቃል። ስፋቱ 2100 ፒክስል ሆኖ የቀረ፣ መጠኑ ግን ያልተነገረ ምስል ሲመጣ በአንድ ኢንች 72 ፒክስል ነው ብሎ የሚገምት ፕሮግራም አለ፤ ገጹም 74 ሴንቲ ሜትር ሰፊ ሆኖ ቁጭ ይላል። ያን ጊዜ እርስዎ ይደርሱና በወረቀቱ ልክ ያደርጉታል፤ ሰዉም ያመሰግንዎታል። ካሬው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ማንም አያውቅም፣ ክቡርነትዎም ጭምር።

ጥያቄዬ ሥልጣንዎን እንዲለቁ አይደለም፤ በፎቶዎች ላይ መሾምዎ ይቀጥል። የምለምነው፣ ምልክትዎን ራስዎ ከማስቀመጥ ተቆጥበው እስኪጠሩ እንዲጠብቁ፣ ሲጠሩም ስንት በመቶ እንዳሳነሱ በግልጽ እንዲጽፉ፣ «ትክክለኛ መጠን» ወይም «100 በመቶ» የሚባለውን ጎረቤትዎንም ተጨማሪ ቅንብር በሚባል መጋረጃ ጀርባ እንዳይደብቁት ነው። በማተሚያው የራሱ ቅንብር ውስጥ ስላለው ወንድምዎም አንድ ቃል ይናገሩልን። በፕሮግራሙ በኩል እርስዎን ያሰናበተ ሰው ተገላገልኩ ሲል እርሱ በሌላው በር ይገባል፤ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ከሠራችሁ ደግሞ 96 በመቶው በ96 በመቶ ተባዝቶ ወደ 92 ይጠጋል።

እስከዚያው ድረስ እኛ ባለካሬ ወረቀት የምንሠራ ሰዎች በየገጹ ግርጌ «ይህ መስመር 100 ሚሊሜትር ነው» የሚል ጽሑፍ ከነመስመሩ ማኖር ጀምረናል። የታተመው መስመር 96 ሆኖ ከተለካ ማን መጥቶ እንደነበር ይታወቃል። ወረቀቱ ራሱ ይመሰክርብዎታል። ሥራውን በፒዲኤፍ ማስቀመጥም ልማድ እየሆነ ነው፣ የገጹን መጠን ይዞ ስለሚጓዝ፤ ይሁን እንጂ የፒዲኤፍ ማንበቢያውም መስኮት ውስጥ ወንበር እንዳለዎት እናውቃለን። የእርስዎን 96 በመቶ ለማካካስ ፋይሉን አስቀድመው ወደ 104.17 በመቶ የሚያሳድጉ ብልጦች እንዳሉም ሰምተው ይሆናል። ዘዴው ያዋጣል፤ ክቡርነትዎ ድንገት ባልተገኙበት ቀን ግን የእነዚህ ሰዎች ካሬ 5.2 ሚሊሜትር ሆኖ ይወጣል። በመምጣትዎ ማጉደል፣ በመቅረትዎ ማስፋት የቻሉ ሹም እርስዎን ብቻ አውቃለሁ።

ምላሽዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በወረቀት የሚልኩት ከሆነ፣ እባክዎ በ100 በመቶ ይታተም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ባለ 5 ሚሊሜትር ካሬ ፈላጊ

ግልባጭ፦
ለወንድምዎ፣ በማተሚያው የራሱ ቅንብር ውስጥ
ለ«ሌተር»፣ በወረቀት ምርጫ ዝርዝር አናት ላይ
ለ«ትክክለኛ መጠን»፣ ባለበት