አምበልነት ለበረኛ ይሆናል? በኢከር ካሲያስ ዘመን ላይ የቀረበ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ግብ ጠባቂ የብሔራዊ ቡድን አምበል መሆን አለበት።» ሁለቱ ጸሐፊዎች ማስረጃቸውን በዋናነት የሚያወጡት ከስፔናዊው ኢከር ካሲያስ የእግር ኳስ ሕይወት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ደጋፊ

ካሲያስ ከማድሪድ ወጣ ብላ በምትገኘው ሞስቶሌስ ያደገ ልጅ ነው። በ18 ዓመቱ ለሪያል ማድሪድ ተሰለፈ። 19 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ ሻምፒዮንስ ሊግ አነሳ። ከዚያ ግን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህችን ብዙ ሰው ይረሳታል። በ2002 ቦታውን ሴሳር ሳንቼዝ ወስዶበት ስለነበር የግላስጎውን የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የጀመረው ከተጠባባቂዎች ጋር ነው። ሴሳር ተጎዳ፣ ካሲያስ ገባ። ባየር ሌቨርኩሰን አቻ ለመሆን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲረባረብ ልጁ በተከታታይ አዳነ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ።

በዚያው ክረምት የዓለም ዋንጫ መጣ። የስፔን አንደኛ በረኛ ካኒዛሬስ የሽቶ ጠርሙስ እግሩ ላይ ወድቆበት ከውድድሩ ውጭ ሆነ። አሁንም ካሲያስ ገባ። ከአየርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ወደ መለያ ምት ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ሁለት አዳነ። ገና 21 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ የጀመርኩት ለምክንያት ነው። ስለ አምበል ስንነጋገር ጮክ ብሎ የሚያዝ፣ ዳኛ ላይ የሚሮጥ ሰው ወደ ዓይናችን ይመጣል። እኔ ግን አምበል ብዬ የማምነው መጠበቅን የሚያውቅ ሰው ነው። በረኛ ደግሞ ሥራው መጠበቅ ነው። ሰማንያ ደቂቃ ሥራ ፈትቶ በሰማንያ አንደኛው የአገሩን ዕጣ የሚወስን ሌላ ተጫዋች ሜዳ ላይ የለም። ቡድኑ ሲሳሳት ጥፋቱ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። የሱን ጥፋት ግን የሚያርምለት ሰው ከኋላው የለም። ከዚህ ኑሮ የሚገኘው እርጋታ በሥልጠና አይመጣም።

2010ን ተመልከቱ። ስፔን ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታዋን በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ጋዜጦች ጥፋተኛ ሲፈልጉ ምን አሉ? ጋዜጠኛ የሆነችው ፍቅረኛው ከጎሉ ጀርባ ቆማ ሐሳቡን በተነችው አሉ። እንዲህ ያለ ነውር ተጽፎበት ዝም አለ። ከዚያ በሩብ ፍጻሜ የፓራጓዩን የካርዶዞን ፍጹም ቅጣት ምት ያዘ። በፍጻሜው የሆላንዱ ሮበን ብቻውን ሲመጣበት ሰውነቱ ወደ አንድ ጎን ወድቆ ሳለ በእግሩ መለሰው። ስፔን በሰባት ጨዋታ ሁለት ግብ ብቻ ተቆጥሮባት ዋንጫውን ወሰደች።

ግብ ማዳን ሌላ፣ አምበልነት ሌላ ነው የሚል ይኖራል። እሺ፣ ግቡን እንተወው። በ2011 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ሜዳ ላይ ወደ ጠብ ገብተው ነበር። የማድሪዱ አሰልጣኝ ሞሪንሆ የባርሴሎናን ምክትል አሰልጣኝ ዓይን እስከመንካት ደረሰ። የብሔራዊ ቡድኑ አጥንት ደግሞ ከእነዚሁ ሁለት ክለቦች የመጣ ነው። በመሃል ስልክ ያነሳው ካሲያስ ነው። ለባርሴሎናዎቹ ደወለና ነገሩን አበረደ። የገዛ አሰልጣኙ እንደማይወድለት እያወቀ ነው ያደረገው። በቀጣዩ ዓመት ስፔን የአውሮፓ ዋንጫን ደግማ ወሰደች። ካሲያስና የባርሴሎናው ዣቪም የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

የ2012 ፍጻሜ መጨረሻውን ያየ ደግሞ አይረሳውም። ስፔን ጣሊያንን 4 ለ 0 እየመራች ሳለ ካሲያስ ከጎሉ አጠገብ ወደ ቆመው ረዳት ዳኛ ዞሮ ለተጋጣሚ ክብር ሲባል ጨዋታው ይብቃ ብሎ ለመነ። አምበል ማለት ይኸው ነው።

ተቃዋሚ

ጋሼ፣ ስለ ካሲያስ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። አንዱንም አልክድም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሰውየው ትልቅ መሆኑ ቦታው ለአምበል ይመቻል ማለት ነው ወይ?

መጀመሪያ ከሕጉ ልነሳ። የጨዋታው ሕግ ለአምበል የተለየ መብት አይሰጠውም፤ ለቡድኑ ሥነ ምግባር ግን በተወሰነ ደረጃ ኃላፊ ያደርገዋል። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ደግሞ አዲስ አሠራር መጣ። ውሳኔ ለመጠየቅ ወደ ዳኛው መቅረብ የሚችለው አምበሉ ብቻ ነው ተባለ። ሌላው ቢጠጋ ቢጫ ካርድ ነው። እዚያው ላይ ግን አንድ ነገር ተጨመረ፦ አምበሉ ግብ ጠባቂ ከሆነ ቡድኑ ከሜዳ ተጫዋቾች አንድ ሰው ይሰይም ተባለ። ለምን? ሜዳው ከመቶ ሜትር በላይ ይረዝማል። በረኛው ያን ሁሉ ሮጦ ደርሶ እስኪመለስ ጎሉ ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የአምበሉን የክንድ ጨርቅ አንዱ አስሮ ሥራውን ሌላው የሚሠራ ከሆነ ጨርቁ ምን ዋጋ አለው?

ይህ ግን ትንሹ ምክንያቴ ነው። ትልቁ ሌላ ነው።

ተከላካይ ወይም አማካይ የሆነ አምበል ሲደክም በ60ኛው ደቂቃ ይወጣል። ጨርቁን አውልቆ ለጓደኛው ያስራል፣ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። በሚቀጥለው ጨዋታ ሃያ ደቂቃ ሊገባ ይችላል። ቀስ በቀስ ይለቃል ማለት ነው። በረኛ እንዲህ ያለ መንገድ የለውም። ወይ ዘጠናውን ደቂቃ ይቆማል ወይ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አሰልጣኝ በረኛ አምበሉን ለመቀየር ሲያስብ ጉዳዩ የሰልፍ ምርጫ መሆኑ ይቀራል። አመጽ ይመስላል።

ታኅሣሥ 2012 ላይ የሆነውን ያስታውሱ። ሞሪንሆ በማላጋ ጨዋታ ካሲያስን አስቀመጠው። አሰልጣኝ በረኛ መቀየሩ ብርቅ ነው እንዴ? በየሳምንቱ የሚሆን ነገር ነው። አምበል ስለነበረ ግን ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ፤ የሞሪንሆ ወገን፣ የካሲያስ ወገን ተባባሉ። ጥር ላይ እጁ ተሰበረና ሌላ በረኛ ዲዬጎ ሎፔዝ መጣ። ከዚያ በኋላ ማን የተሻለ በረኛ ነው የሚለውን በቀና ልብ የሚጠይቅ ጠፋ።

የ2014ቱ ደግሞ ይብሳል። በሊጉ የሚሰለፈው ዲዬጎ ሎፔዝ ነበር፤ ካሲያስ የያዘው ሻምፒዮንስ ሊግንና የንጉሡን ዋንጫ ብቻ ነው። በሊዝበኑ ፍጻሜ ያለጊዜው ከጎሉ ወጥቶ የአትሌቲኮ ማድሪዱ ጎዲን በላዩ አገባበት። የቡድን ጓደኛው ራሞስ በ93ኛው ደቂቃ ባያድነው ኖሮ ዋንጫው አምልጦ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብራዚል ላይ የዓለም ዋንጫ ተጀመረ። ሆላንድ ስፔንን 5 ለ 1 አሸነፈች። ኳስ ከእግሩ ሸሽታው ቫን ፐርሲ ሲያገባበት ሁላችንም አይተናል። ያኔም የስፔን አሰልጣኝ ዴል ቦስኬ አልቀየረውም። ቺሊ 2 ለ 0። ሻምፒዮኗ አገር በሁለት ጨዋታ ተሰናበተች፤ ሰባት ግብ ተቆጠረባት። ያን ጨዋታ በረኛው ብቻ ተሸነፈ አልልም፤ አማካዩም አርጅቶ ነበር። ግን ሌላው በረኛ ሬይና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር። አምበል ያልሆነ በረኛ እንዲያ ሆኖ ለቺሊ ይሰለፍ ነበር? አይመስለኝም።

ደጋፊ

እህቴ፣ የዳኛውን ጉዳይ ቶሎ ልመልሰው። ለዳኛ የሚናገር ሰው መሰየም ቀላል ሥራ ነው። አማካዩ ይናገር። እኔ አምበል የምፈልገው ለመልበሻ ክፍሉ፣ ለሽንፈቱ ማግስት፣ ለመለያ ምቱ ነው። ሮንዌን ዊሊያምስን ውሰጂ። የደቡብ አፍሪካ አምበልና በረኛ ነው። በ2024 መጀመሪያ ኮትዲቯር ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ኬፕ ቨርዴን ሲገጥሙ ያለ ግብ ወደ መለያ ምት ሄዱና አራት ምት አዳነ። ያ ቡድን የሚተማመንበት ሰው የት እንደሚቆም ያወቀው ያን ቀን ነው።

ትልቁ ነጥብሽ ግን ከባድ ነው፤ አልሸሸውም። አምበልነት በረኛን ካለጊዜው ያቆየዋል አልሽ። እኔ ደግሞ የጣሊያናዊውን በረኛ የዲኖ ዞፍን ታሪክ ላስታውስሽ።

በ1978ቱ የዓለም ዋንጫ ጣሊያን ከሆላንድና ከብራዚል ጋር ስትጫወት ዞፍ ከሩቅ በተመቱ ኳሶች ግብ ተቆጠረበት። 36 ዓመቱ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፣ አብቅቶለታል ተባለ። ያንቺ ክርክር ያኔ ቢቀርብ ሁሉም ይቀበለው ነበር። አሰልጣኙ ቤርዞት ግን አልተቀበለም። አራት ዓመት አለፈ። ስፔን ላይ በ1982 ጣሊያን የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎቿን አቻ ወጣች፤ ከፖላንድ፣ ከፔሩ፣ ከካሜሩን። ጋዜጦቹ ቡድኑን ቀቀሉት። ተጫዋቾቹ ተቆጥተው ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገር አቆሙ። አንድ ሰው ብቻ እንዲናገር ተወሰነ። ማን? ዞፍ። በቡድኑ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ዝምተኛው ሰው! የሁሉንም ሸክም ብቻውን ተሸከመ፣ ልጆቹ በሰላም ኳሳቸውን ተጫወቱ።

ከዚያ ብራዚል መጣች። ጣሊያን 3 ለ 2 እየመራች ሊያልቅ ሲል ኦስካር በጭንቅላቱ የገጨውን ኳስ ዞፍ መስመሩ ላይ ያዘው፤ አልተፋውም፣ አላሳለፈውም፣ ያዘው። ብራዚሎቹ ግብ ነው ብለው እጃቸውን አነሱ። በፍጻሜው ምዕራብ ጀርመንን 3 ለ 1 አሸነፉ። ዞፍ በ40 ዓመቱ ዋንጫውን አነሳ። እስከ ዛሬ ከእሱ የሚበልጥ ዕድሜ ላይ ሆኖ የዓለም ዋንጫ ያሸነፈ ተጫዋች የለም።

ታዲያ ቤርዞት ዞፍን ስላቆየው ተሳሳተ? የ2014ቱ ስህተት የዴል ቦስኬ ውሳኔ ነው። ጨርቁን ምን አድርጊ ትይዋለሽ? በረኛ አምበል ሆነው የዓለም ዋንጫ ያነሱትን ቁጠሪ፦ ኮምቢ በ1934፣ ዞፍ፣ ካሲያስ፣ ከዚያ ሎሪስ በ2018። በ1934ቱ ፍጻሜማ የተሸናፊዋ የቼኮዝሎቫኪያ አምበልም በረኛው ፕላኒችካ ነበር።

ተቃዋሚ

ጋሼ፣ ዞፍን ማንሳትዎ ጥሩ ነው፤ ልዩነቱ እዚያው ላይ ይታያልና። ቤርዞት ዞፍን ያቆየው በረኛነቱን አምኖ ነው። በክለቡም ሳያቋርጥ ይሰለፍ ነበር። ካሲያስ ግን በ2014 በክለቡ የሊግ ተሰላፊ አልነበረም። ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም።

ደግሞ ያልተነሳ ነገር አለ። ስፔን ውስጥ አምበልነት በልማድ የሚሰጠው ለብሔራዊ ቡድኑ ብዙ ጨዋታ ላደረገው ሰው ነው። ካሲያስ ከራውል በኋላ አምበል የሆነው በዚህ ተራ ነው። ስልክ ማንሳቱን በኋላ አየነው እንጂ በዚያ ተመርጦ አልነበረም። በረኛ ደግሞ ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ይጫወታል። ካሲያስ 167 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፏል። ቆጠራው ሁልጊዜ ወደ በረኛው ያደላል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥሩ ሰው አጋጠማቸው። ሁልጊዜ ያጋጥማል?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በ2010 ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን ላይ ከሁሉም በላይ ዘሎ በጭንቅላቱ ያገባው ተከላካዩ ፑዮል ነው። በየደቂቃው ተከላካዩን እየጮኸ የሚያሰልፈውም እሱ ነበር። ጨርቁ ክንዱ ላይ አልነበረም፤ ጨዋታው ግን በእጁ ነበር።

በረኛ ጎሉን ጥሎ ቡድኑን ልምራ ሲል ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ2018 የጀርመኑ አምበል ኖየር ደቡብ ኮሪያ 1 ለ 0 ስትመራ አጥቂ ሊሆን ወደ ተጋጣሚ ሜዳ ገባ። ኳሱን ተነጠቀ። ሶን ባዶ ጎል ውስጥ ከተተው። አምበል የመሆን ስሜቱ ይገባኛል፤ ቡድኑ ሲሰምጥ ቆሞ ማየት ያማል። የበረኛ ቦታ ግን ያን ስሜት አይፈቅድለትም።

ስለ ዴል ቦስኬ ደግሞ ይህን ልጨምር። በ2016ቱ የአውሮፓ ዋንጫ በመጨረሻ ካሲያስን አስቀምጦ ዴ ኼአን አሰለፈ። ጨርቁ ወደ ራሞስ ሄደ። እርስዎ እንዳሉት የአሰልጣኝ ውሳኔ ነበር። ውድድሩ እንዳለቀ ዴል ቦስኬ ራሱ በሬዲዮ ቀርቦ ካሲያስ ከጓደኞቹ ጋር መልካም እንደነበር፣ ከአሰልጣኞቹ ጋር ግን እንዳልነበር ተናገረ። አብረው የዓለምንም የአውሮፓንም ዋንጫ ያነሱ ሁለት ጨዋ ሰዎች እንዲህ ተለያዩ። ካሲያስ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ስምንት ዓመት አምበል የነበረን በረኛ በክብር የማስቀመጫ መንገድ ስለሌለ ነው።

ደጋፊ

መንገድ የለም ካልሽ እንሥራለት እንጂ ቦታውን አንንጠቀው። አሰልጣኙ አምበሉን በየውድድሩ ይሰይም። የጨዋታ ብዛት መቁጠሩ ይቅር፤ በዚህ እስማማለሁ። ያኔ በረኛ መቀየር አመጽ መምሰሉ ይቀራል። ግን በዚያ አሠራርም ቢሆን በ2011 ስልኩን ማን ያነሳ ነበር ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ፑዮል የባርሴሎና ነው፤ ዣቪም የባርሴሎና ነው። ከማድሪድ በኩል የራሱን አሰልጣኝ ቁጣ ችሎ ቀድሞ የደወለ አንድ ሰው ነው። እኔ አሰልጣኝ ብሆን ያን ሰው የቆመበት ቦታ ጎል ነው ብዬ አላልፈውም።

ተቃዋሚ

እኔም በ2010 አሰልጣኝ ብሆን ካሲያስን እሰይም ነበር፤ በ2014 ግን አልሰይምም። «መሆን አለበት» የሚለውን ቃል የምቃወመው ለዚህ ነው፤ «ይችላል» ተብሎ ቢቀርብ ኖሮ ከእርስዎ ጋር ባልተከራከርኩ።